ከሱስና ከችግር በኋላ ቤትን መልሶ ማቆም፦ ለወሎ ቤተሰቦችና ቅሬዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

በወሎ አንድ ቤት በሱስ መጎዳቱ አስቀድሞ የሚታወቀው በቅሬ፣ ማለትም በሌላው አካባቢ እድር በሚባለው የመረዳጃ ማኅበር፣ መዝገብ ላይ ነው። አባወራው ከቀብር መቅረት ይጀምራል፤ የወር መዋጮው ሁለትና ሦስት ጊዜ ይታለፋል፤ ቅጣቱ ይጠራቀማል፤ ቀጥሎም እማወራዋ ሐፍረቱ ስለሚከብዳት ከጎረቤት ቡና ትቀራለች። በደሴ ከተማ በአንድ ቅሬ በጸሐፊነት ሳገለግል ይህን ቅደም ተከተል ደጋግሜ አይቻለሁ። ይህን መመሪያ እንድጽፍ ያነሳሳኝም እርሱ ነው። ሱስን ማቆም አንድ ሥራ ሲሆን፣ ቤትን መልሶ ማቆም ከዚያ የሚረዝም ሌላ ሥራ ነው። ሐኪም የመጀመሪያውን ያግዛል፤ ለሁለተኛው ግን ሰውየው ሲሞት ሊቀብረው ቃል የገባው ቅሬ በሕይወት ሳለም ሊሸከመው ይገባል።

መመሪያው የጫት፣ የአረቄና የሌላ መጠጥ ሱስ ለገጠመው ቤተሰብ ያገለግላል። በአካባቢያችን ጫትንና መጠጥን ለያይቶ ማከም አስቸጋሪ ነው፤ ከቀትር በኋላ በበርጫ (በጫት መቃሚያው ጊዜ) የመጣውን ምርቃና ማታ ለመስበር የሚጠጣው ጨብሲ፣ ቃሚውን ሳይታወቀው ጠጪ ያደርገዋልና። ችግሩም ብቻውን የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወሎን ባዳረሰበት ወቅት ሱቁ የተዘረፈበት፣ ከብቱ ያለቀበት፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ የከረመ ወይም የሰው ሕይወት ያጣ ቤት ዛሬ በሱስ ውስጥ ቢገኝ፣ ከሱሱ በፊት የነበረው ሐዘን አብሮ ካልታየ ሥራው ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

«ሱሰኛ» የሚለውን ቃል በዚህ ጽሑፍ አልጠቀምበትም፤ በቤት ውስጥም ባይነገር ይመረጣል። ታካሚ ማለት ይበቃል። ታካሚዋ ሴት ልትሆን እንደምትችልም አይዘንጋ፤ አረቄ አውጥታ ልጆቿን የምታሳድግ እናት ስትቀምስ ስታስቀምስ ቆይታ ራሷ የምትያዝበት ጊዜ አለ፣ የእርሷም ጉዳይ ከወንዱ ይልቅ ተደብቆ ይቆያል።

አንደኛ፦ አስተባባሪ መምረጥና ያለውን በደብተር ማስፈር

ሥራው የሚጀመረው አንድ አስተባባሪ በመምረጥ ነው። አስተባባሪው ታካሚው የሚያከብረው፣ ገንዘብ ያላበደረው፣ አብሮት ያልቃመና ያልጠጣ ሰው መሆን አለበት፤ ታላቅ እኅት፣ አጎት፣ የክርስትና አባት ወይም የሚያምነው ሼህ ሊሆን ይችላል። በወሎ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም ዘመድ መገኘቱ የተለመደ ስለሆነ፣ የእምነት ልዩነት ምርጫውን ሊያጠበው አይገባም።

አስተባባሪው አንድ ተራ የተማሪ ደብተር ይግዛና ከትዳር አጋሩ ጋር፣ ፈቃደኛ ከሆነም ከታካሚው ጋር ተቀምጦ አራት ነገሮችን ይመዝግብ፦ ምን፣ በምን ያህል መጠንና ከመቼ ጀምሮ እንደሚወሰድ፤ ለማን ስንት ብር ዕዳ እንዳለ፤ የተያዘ፣ የተከራየ ወይም የተሸጠ መሬት፣ ከብትና ዕቃ፤ እንዲሁም እያንዳንዱ ልጅ አሁን የት እንዳለና ምን እንደሚሠራ። ይህ ምዝገባ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ሊወስድ ይችላል፤ መቸኮል አያስፈልግም። ለምሳሌ በቀን 100 ብር ለጫት የሚያወጣ ሰው በወር 3,000፣ በዓመት ከ36,000 ብር በላይ እንደሚያወጣ በራሱ እጅ ሲያሰላው፣ ከብዙ ምክር ይልቅ ያችን ገጽ ያስታውሳል። ደብተሩ አስተባባሪው ቤት ይቀመጥ።

ሁለተኛ፦ ከሁሉ በፊት የቤቱን ደኅንነት ማረጋገጥ

በቤቱ ድብደባ፣ የመግደል ዛቻ ወይም በልጆች ላይ የሚደርስ ጥቃት ካለ፣ ሽምግልና ሁለተኛ ቦታ መያዝ አለበት። ሚስትና ልጆች በዘመድ ቤት ወይም በሌላ አስተማማኝ ቦታ እንዲያድሩ ይደረጋል፤ ለፖሊስና ለወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይነገራል፤ ጉዳት ካለ በጤና ተቋም ታይቶ ማስረጃ ይያዛል። አስገድዶ መድፈርና በሕፃን ላይ የተፈጸመ ጥቃት በካሣና በእርቅ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም፤ ይህን ለመሸፈን የሚቀመጥ ሽማግሌ ራሱ ጥፋተኛ ነው። በቤት ውስጥ ያለ የጦር መሣሪያም ለጊዜው ከቤት ይውጣ፤ በገጠሩ ይህን መጠየቅ እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ነገር ግን የሰካራም ቁጣና የጨነቀው ሰው ሌሊት ሁለቱም ከመሣሪያ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ማደር የለባቸውም።

ሦስተኛ፦ የማቆሚያውን ቀን ከጤና ባለሙያ ጋር መወሰን

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ጫትንና መጠጥን በአንድ መንገድ ለማስቆም በመሞከሩ ነው። ጠዋት ሳይቀምስ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ለብዙ ወራት አረቄ በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ቤት ተዘግቶበት እንዲያቆም ማድረግ ሊገድለው ይችላል። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ በስድስት ሰዓት ገደማ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ይጀምራሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ ራስን አስቶ የሚጥል መንፈራገጥ ሊከሰት ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ ቀንና ቦታ መሳትና ከፍተኛ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። የኋለኛው ምልክት ሲታይ በርኩስ መንፈስ ተለክፏል ብሎ ማሰር ወይም ጸበል ቦታ ብቻ ወስዶ ማስቀመጥ አደገኛ ነው፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ስለዚህ ቀኑ ከመቆረጡ በፊት ታካሚው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። የት እንደሚጀመር ግራ የሚገባው የገጠር ቤተሰብ የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይጠይቅ፤ እርሷ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች፣ ጤና ጣቢያው ሲያስፈልግ የሪፈር ወረቀት ይጽፋል። በሪፈር የሚሄዱት በደቡብ ወሎ ወደ ደሴ፣ በሰሜን ወሎ ወደ ወልድያ ሆስፒታል ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ያለፈ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው አዲስ አበባ ወደሚገኘው የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። ለመጠጥ ማቆሚያ የሚሰጡ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ዲያዜፓም፣ ራሳቸው ሱስ ሊያስይዙና ከአረቄ ጋር ሲወሰዱ ትንፋሽ ሊያቆሙ ስለሚችሉ፣ ከፋርማሲ በጓደኛ ምክር መግዛት ክልክል ነው። ለረጅም ጊዜ የጠጣና በቅጡ ያልበላ ሰው ቫይታሚን ቢ 1 እንዲሰጠው ባለሙያውን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የዚህ ቫይታሚን እጥረት የማስታወስ ችሎታን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላልና።

ጫት ማቆም በአብዛኛው ለሕይወት እንዲህ አያሰጋም፤ የሚያስቸግረው በሌላ መንገድ ነው። በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ሳምንታት ታካሚው ብዙ ይተኛል፣ ይከፋዋል፣ ይቆጣል፣ ሌሊት ዱካክ (ቅዠት) እየመጣ ያስጨንቀዋል፣ ከቀትር በኋላ ሐራራው ይነሣበታል። ቤተሰቡ ይህን እንደ ስንፍና አይቁጠረው። ነገር ግን ሰዎች ያሳድዱኛል ማለት፣ የሌለ ድምፅ መስማት ወይም ስለ መሞት ማውራት ከተጀመረ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል።

ወጪውን በተመለከተ፣ ቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል መሆኑን አስተባባሪው ያጣራ። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ጥቂት ወረዳዎች አንዷ የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ ነበረች፤ ስለዚህ በአካባቢያችን አሠራሩን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ምዝገባና እድሳቱ በዓመት የተወሰነ ወቅት ስላለው ከመታመም በፊት ይጠየቅ፤ መክፈል የማይችል ቤተሰብ መዋጮው በመንግሥት እንዲሸፈንለት በቀበሌው በኩል ሊመረጥ ይችላል። ወደ ሆስፒታል በቀጥታ መሄድ መድኑን ዋጋ ሊያሳጣው ስለሚችል የጤና ጣቢያው ሪፈር አይረሳ።

ጸበል መጠመቅም ሆነ ዱዓ ማስደረግ ከሕክምናው ጋር አይጋጭም። ለካህኑና ለሼሁ አስቀድሞ መንገርና መድኃኒቱን እንዳያስቋርጡ መለመን ያሻል፤ ብዙዎቹ ሲነገራቸው ይስማማሉ።

አራተኛ፦ ወደ ቅሬው መመለስ

ይህ ከሁሉ ይልቅ የምደግፈው ክፍል ነው፤ በሌሎች አገሮች የምክር ማዕከላትና የራስ አገዝ ቡድኖች የሚሠሩትን ሥራ በእኛ ዘንድ ሊሠራ የሚችል ዝግጁ ድርጅት ቅሬ ነውና። ቅሬ መዝገብ አለው፣ ዳኛ አለው፣ የስብሰባ ቀን አለው፣ የጎረቤቱን ቤት በር ማንኳኳት ይችላል፤ በብዙ ሰፈር ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን አንድ ላይ ይዟል። የጎደለው ይህን እንደ ሥራው መቁጠር ብቻ ነው።

አስተባባሪው ታካሚው ሕክምና ከጀመረ ከሁለትና ከሦስት ሳምንታት በኋላ ለቅሬው ዳኛና ለጸሐፊው ብቻ፣ በጉባኤ ሳይሆን በቤታቸው፣ ሁኔታውን ያስረዳል። ጥያቄው ሦስት ነገር ይይዛል። አንደኛው የተጠራቀመው መዋጮና ቅጣት ነው፤ ቅጣቱ እንዲነሣና መዋጮው በየወሩ ተቆራርጦ እንዲከፈል፣ ወይም በጉልበት፣ ማለትም ድንኳን በመትከል፣ እንጨት በመፍለጥና ውኃ በመቅዳት እንዲካካስ ይጠየቃል። በጉልበት ማካካሱ ከሁሉ ይሻላል፤ ሰውየው ከሐፍረት ወጥቶ ከሰው ጋር የሚሠራበት አጋጣሚ ይሆናልና። ሁለተኛው ሁለት ጎረቤቶች እንዲመደቡ ነው፤ አንዱ ለታካሚው፣ አንዷ ለቤተሰቡ። የተመደቡት ሰዎች በሳምንት ሁለት ጊዜ ያለ ምክንያት ይጠይቃሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ «አብሽር» ብለው ይወጣሉ፤ ምርመራ አያደርጉም። ሦስተኛው ምስጢር መጠበቅ ነው፤ በጉባኤ የሚነገረው «ታሞ ነበር፣ እየዳነ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይሁን።

ቅሬው እምቢ ቢልስ? ይህም ይሆናል። ደንቡ አይፈቅድም የሚል ዳኛ ሲገጥም ደንቡን መጣስ ሳይሆን ማሻሻል ይቻላል፤ ቅሬ ደንቡን በአባላቱ ስምምነት የሚያሻሽል ማኅበር ስለሆነ፣ «በሕመም ምክንያት ለዘገየ አባል» የሚል አንድ አንቀጽ በሚቀጥለው ጉባኤ እንዲቀርብ መጠየቅ በቂ ነው። እስከዚያ ድረስ አስተባባሪው ወደ ሌላ በር ይሂድ፦ የሰንበቴ ወይም የጽዋ ማኅበር፣ የመስጊዱ ጀማዓ፣ የሴቶች እቁብ፣ ወይም በሰፈሩ የሚከበሩት ዱበርቲዎች፣ ማለትም ዱዓ የሚያደርጉ ትልልቅ ሴቶች። ዱበርቲዎች በተለይ ለተጎዳች እማወራ ትልቅ መጠጊያ ናቸው፤ ከቤቷ ሳትወጣ እነርሱ ወደ እርሷ ይመጣሉ።

አምስተኛ፦ ዕዳ፣ ገንዘብና መሬት

ገንዘብ በመጀመሪያው ዓመት በትዳር አጋሩ ወይም በአስተባባሪው እጅ ይቆይ። ይህ ቅጣት እንዳልሆነ፣ ሰውየው ሐራራ ሲነሣበት ኪሱ ውስጥ የሚገኘው ብር ብቻውን ወደ ጫት ተራ የሚወስደው በመሆኑ እንደሆነ በግልጽ ይነገረው፤ ይህን ራሱ ታካሚውም ያውቀዋል፣ አንዳንዱ እንዲያውም ይጠይቃል። በእጁ ለትራንስፖርትና ለሻይ የሚበቃ ብቻ ይያዝ። ደሞዝተኛ ከሆነ የባንክ ሒሳቡ በሁለት ፊርማ እንዲንቀሳቀስ ባንኩን መጠየቅ ይቻላል፤ በስልክ የሚንቀሳቀስ ገንዘብም የምስጢር ቁጥሩ እንዲቀየር ይደረግ።

ዕዳው በደብተሩ ከተጻፈ በኋላ በሦስት ይመደባል። የምግብ፣ የቤት ኪራይና የትምህርት ዕዳ፣ ለምሳሌ የሱቅ ዱቤ፣ ቀድሞ ይከፈላል። የዘመድ ብድር በሽማግሌ ፊት ጊዜው ይራዘማል። በጫት ወይም በአረቄ ዱቤ የተጠራቀመው የመጨረሻ ነው፤ ለባለ ዱቤውም ታካሚው ራሱ ሄዶ እንዳይከፍል፣ አስተባባሪው እንዲከፍል ይደረግ። ዕዳ ልክፈል ብሎ ጫት ተራ የሄደ ሰው ጉንዳ (የጫት እስር) ይዞ ሲመለስ አይቻለሁ።

በገጠር ትልቁ ጉዳይ መሬት ነው። ሱስ የገባበት ቤት ብዙ ጊዜ መሬቱን በርካሽ ያከራያል ወይም ለእኩል ይሰጣል፤ ውሉ በቃል ሆኖ ዓመቱ ሳይታወቅ ይቀጥላል። በአማራ ክልል የባልና ሚስት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በሁለቱም ስም የሚወጣ በመሆኑ፣ ሚስት ሳትስማማ የተደረገ የመሬት ኪራይ ውል ሊጠየቅ ይችላል። አስተባባሪው ከሚስቲቱ ጋር ወደ ወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄዶ የትኛው ውል እንደተመዘገበ ያጣራ፤ ያልተመዘገበ ውል ካለ ከተከራዩ ጋር በሽማግሌ ፊት ቁጭ ብሎ የሚያበቃበት ወቅት በጽሑፍ ይቆረጥ። የጊዜው ስሌት ከእርሻው ጋር ይሂድ፦ በልግ በሚዘራባቸው የደሴ ዙሪያ፣ የኩታበርና የደላንታ ደጋዎች መሬቱ ከጥር በፊት፣ መኸር በሚታረስበት ቆላና ወይና ደጋ ደግሞ ከግንቦት በፊት ካልተመለሰ አንድ ሙሉ ምርት ይባክናል። ክርክሩ ፍርድ ቤት የሚያደርስ ከሆነ፣ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ለአቅመ ደካሞች የሚሰጡትን ነፃ የሕግ ድጋፍ መጠየቅ ይቻላል።

መሬቱ ሲመለስ ታካሚው ብቻውን እንዲያርሰው አይተው። አካሉ ገና ደካማ ነው፤ ለመጀመሪያው እርሻና አጨዳ ጅጌ (ደቦ) ይጠራለት። የጅጌው ጠላ ግን አይቅረብ፤ ቡና፣ ቆሎና ጥሩ እንጀራ ይበቃል፣ የቅሬው ዳኛም ይህን አስቀድሞ ለጎረቤቱ ይንገር።

አረቄ በማውጣት ወይም ጫት በመሸጥ የሚተዳደር ቤት ከባዱን ውሳኔ ማለፍ የለበትም። በተሁለደሬና በቃሉ ጫት በማሳ የሚለማበት ቤት ማሳውን በአንድ ቀን እንዲነቅል መጠየቅ ከንቱ ነው፤ ለቅሞ የመሸጡ ሥራ ግን ወደ ሌላ የቤተሰብ አባል ይዛወር። አረቄ የምታወጣ እናት ሥራዋን ስትተው የሚተካው ገቢ ከመተዉ በፊት መታሰብ አለበት፤ እንጀራ መጋገር፣ ዶሮ ማርባት፣ በርበሬና ሽሮ ማዘጋጀት፣ ወይም በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች መቀጠር ሊሆን ይችላል። ብድር ለማግኘት መቸኮል ግን አልመክርም፤ በመጀመሪያው ስድስት ወር የሚገባ ብድር ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ ዕዳ ይሆናል። በሴቶች እቁብ ጥቂት ብር መጣል ይቀድማል።

ስድስተኛ፦ የመንግሥትና የማኅበረሰብ ድጋፎችን መጠየቅ

የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በብዙ የወሎ ወረዳዎች የሚሠራ ሲሆን፣ ተጠቃሚዎች የሚመረጡት በቀበሌ ነው። ጉልበት ያለው ሰው በሕዝብ ሥራ ይሳተፋል፤ በሕመም፣ በእርግዝና ወይም በእርጅና መሥራት የማይችል ሰው በቀጥታ ድጋፍ ሊታይ ይችላል። በሕክምና ላይ ያለ ሰው የጤና ጣቢያውን ማስረጃ ይዞ ለጊዜው ከሥራ ግዴታ ነፃ እንዲደረግ ማመልከት አለበት፤ ሳያመለክት ከሥራ ከቀረ ግን ከመዝገብ ሊወጣ ይችላል። በምርጫው ያልተስማማ ቤተሰብ ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ በጽሑፍ ያቅርብ። ክፍያውን የትዳር አጋሩ እንድትቀበል መስማማት ደግሞ ከላይ ካነሣሁት የገንዘብ አያያዝ ጋር ይሄዳል።

በየቀበሌው የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት የሚባለው ኮሚቴ ከነዋሪው በሚሰበስበው ገንዘብና እህል አቅመ ደካሞችን ይረዳል፤ የደብተርና የዩኒፎርም ወጪ ብዙውን ጊዜ እዚህ ይገኛል። ማመልከቻ ሲጻፍ ሦስት ነገር ብቻ ይያዝ፦ የቤተሰቡ ብዛት፣ የሚጠየቀው ዕርዳታ ዓይነትና የሚያስፈልግበት ጊዜ። በረዥም ልመና የተሞላ ማመልከቻ ከአጭሩ ይልቅ አይነበብም።

ሰባተኛ፦ የትዳርና የዘመድ እርቅ

ታካሚው ቢያንስ ሁለት ወር ሳይጠቀም ከቆየ በኋላ እርቅ ይጠራ፤ ከዚያ በፊት የሚደረግ እርቅ በመጀመሪያው መንሸራተት ይፈርሳል። በቃሉ፣ በባቲና በተሁለደሬ አካባቢ የሚታወቀው የአበጋር ሽምግልና እዚህ ጥሩ አርአያ ነው፤ ሁለቱም ወገን በየተራ ሳይቋረጥ ይናገራል፣ ጥፋት ይታመናል፣ የሚደረገውም ይቆረጣል። የሚቆረጠው ነገር ግልጽ ይሁን፦ የት ይተኛል፣ ማን ገንዘብ ይይዛል፣ ማታ ስንት ሰዓት ይገባል፣ ቢጠቀም ወደ ማን ይሄዳል። «ከእንግዲህ አልደግምም» የሚለው መሐላ ብቻውን አይወሰድ።

ሚስቲቱ መታረቅ ካልፈለገች አትገደድ። ለልጆቿ ቀለብና ለንብረቷ ድርሻ መብት አላት፤ ከእርቅ በፊትም በኋላም ይህ መብት አይጠፋም።

ስምንተኛ፦ ልጆች

ልጆች ቤቱ ሲፈርስ ያዩትን ሁሉ ያስታውሳሉ፣ ሲጠገን ግን ማንም አይነግራቸውም። አባት ወይም እናት በቀላል ቃል «ታምሜ ነበር፣ የእናንተ ጥፋት አይደለም፣ ሐኪም እያየኝ ነው» ብሎ ራሱ ይንገራቸው፤ ይህን ለማለት ከአምስት ደቂቃ በላይ አያስፈልግም። ትምህርት ያቋረጠ ልጅ ካለ አስተባባሪው ርእሰ መምህሩን ያነጋግር፤ ዓመቱ ቢጋመስም መስከረምን ሳይጠብቁ ልጁን በክፍል የሚያስቀምጡ ትምህርት ቤቶች አሉ። የቤቱን ዕዳ ለመክፈል ሴት ልጅን ወደ ዓረብ አገር መላክ በዚህ ጊዜ የሚቀርብ ሐሳብ ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ላለች ልጅ ሕገ ወጥ ነው፣ ለደረሰችም ቢሆን በአባቷ ሱስ ዕዳ መነሻ መወሰን የለበትም። ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ መሆኑን ለሰፈሩ አረቄ ቤቶች ማስታወስ የቅሬው ድርሻ ሊሆን ይችላል።

ዘጠነኛ፦ የቀኑ ሰዓትና የዓመቱ በዓላት

ከቀኑ ሰባት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ያለው ጊዜ የበርጫ ሰዓት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ለዚህ ሰዓት የተወሰነ ሥራ ካልተቆረጠ ሌላው ሁሉ ይፈርሳል። ከብት ውኃ ማጠጣት፣ ልጅን ከትምህርት ቤት ማምጣት፣ ለቅሬው ድንኳን ማደስ፣ በመስጊድ ወይም በቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍ መትከል፣ የትኛውም ቢሆን ከሰው ጋር የሚሠራ ይሁን። እንቅልፍ ቀን ቀን እንዳይሆን፣ ምግብም በሰዓቱ እንዲሆን ይጠበቅ፤ ጫት የምግብ ፍላጎት ዘግቶ የቆየ በመሆኑ ረሃብ ሲመለስ ሐራራ መስሎ ይሰማል።

ወዳጃን፣ ማለትም በጋራ ተሰብስቦ የሚደረገውን የዱዓ ሥነ ሥርዓት፣ በተመለከተ ጥያቄ ይነሣል። ዱዓው የሚደረገው ከጫትና ከቡና ጋር በመሆኑ ታካሚው ከሃይማኖቱና ከጎረቤቱ ሊለይ አይፈልግም። መፍትሔው ለቤቱ ባለቤት አስቀድሞ መንገርና ከቡናው ወገን መቀመጥ ነው፤ አቦሉን ጠጥቶ፣ ዱዓውን ተቀብሎ ጫቱ ሳይበዛ ቢወጣ ማንም አይቀየመውም። ለመጀመሪያው ስድስት ወር ግን ባይሄድ ይሻላል እላለሁ። በክርስቲያኑም ዘንድ የሰንበቴ ጠላ ተመሳሳይ ጉዳይ ነው፤ ግሸን ለመስከረም 21 ሲወጣ፣ በጥምቀት፣ በመውሊድና በዒድ፣ በጥር ሠርግ ወቅት አስተባባሪው አብሮ ይሂድ።

አሥረኛ፦ ሲንሸራተት

አንድ ቀን መቃም ወይም መጠጣት ሁሉ ነገር ተበላሸ ማለት አይደለም። በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ አስተባባሪው ይነገረው፣ በሁለት ቀን ውስጥ ጤና ጣቢያ ይታይ፤ ብዙ ቀን የጠጣ ከሆነ ሦስተኛው ክፍል ላይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ እንደ አዲስ ይሠራል። በደብተሩ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ከማን ጋር እንደነበረና ከዚያ በፊት ምን እንደሆነ ይጻፍ፤ ሦስትና አራት እንዲህ ያሉ ገጾች ሲነበቡ ወጥመዱ ራሱ ይታያል፣ ብዙ ጊዜም ደሞዝ የወጣበት ቀን፣ ጠብ ወይም አንድ የታወቀ ጓደኛ ነው። ቅሬው በዚህ ምክንያት እንዳይቀጣው ቀድሞ የተስማማ መሆኑ ዋጋው እዚህ ይታያል። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከተንሸራተተ ግን ሕክምናው ራሱ መለወጥ አለበት፤ ባለሙያው ተኝቶ ሕክምና እንዲያስብበት ይጠየቅ።

አሥራ አንደኛ፦ ከአንድ ዓመት በኋላ

ዓመቱ ሲሞላ አስተባባሪው፣ ባለትዳሮቹና የተመደቡት ሁለት ጎረቤቶች ደብተሩን አብረው ያነባሉ፤ የቀረ ዕዳ፣ የተመለሰ መሬት፣ ትምህርት የገባ ልጅ በየተራ ይመረመራል። ገንዘቡን የሁለቱ ለማድረግ መነጋገር የሚቻለው ከዚህ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ለሦስት ወር የገበያ ገንዘብ ብቻ፣ ከዚያ የቀረው። ደብተሩ ለቤተሰቡ ይሰጣል። ቅሬውም ለታካሚው የመጀመሪያውን ኃላፊነት ያምነዋል፤ የድንኳንና የወንበር ጠባቂነት ለዚህ ተስማሚ ነው፣ ዕቃው ከቤቱ የሚወጣውና የሚገባው በመዝገብ ስለሆነ። የቅሬው ገንዘብ ያዥነት ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላው አይሰጠው።